ሁለቱ ግድግዳዎች፦ ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት»

በሀገራችን በብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ አንድ ሥዕል ተሰቅሎ እንመለከታለን። በአንዱ ቤት በወረቀት ታትሞ በመስተዋት የተከደነ ነው፤ በሌላው ቤት ደግሞ በከፋይ ጨርቅ ላይ የተሠራ ነው። ክርስቶስ በረጅም ገበታ መካከል ተቀምጦ፣ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በግራና በቀኝ ሆነው እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይታያሉ። እኔም ይህንኑ ሥዕል እያየሁ አድጌአለሁ። በልጅነቴ ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የሚስበው ከገበታው ሥር የሚታየው የእግር ብዛት ነበረና፣ የትኛው እግር የየትኛው ሐዋርያ እንደሆነ ለመለየት ከታናሽ እኅቴ ጋር እንከራከር ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሥራ ጉዳይ ወደ ሰሜን ኢጣልያ የመሄድ ዕድል ሲያጋጥመኝ ዋናውን ሥዕል ሚላኖ ከተማ ሄጄ ተመለከትሁ። በዋናው ሥዕል ላይ የክርስቶስ እግሮች የሉም። በቦታቸው የሚታየው ተመልሶ የተደፈነ የበር ቅርጽ ነው።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ከዕለት ሥራችን ወጣ ባለ ርእስ፣ ስለ አውሮፓ ታላላቅ ሥዕሎች አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ያ የተደፈነ በር ትዝ አለኝ። ስለዚህም የብዙ ሠዓልያንን ስም በተርታ ከመዘርዘር ይልቅ ስለ አንድ ግድግዳ፣ ይልቁንም ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መጻፍን መረጥሁ። ዓለም «የመጨረሻው እራት»ን ከሰው ልጅ የእጅ ሥራ ዕንቁዎች እንደ አንዱ ይቈጥረዋል። በእኛ ሙያ ሚዛን ከተመዘነ ግን ሥራው ተረክቦ ሃያ ዓመት ሳይሞላው መበላሸት የጀመረ ልስንና ቀለም ነው። የሠራውም ሰው ራሱን በመጀመሪያ ደረጃ መሐንዲስ ብሎ ያስተዋወቀ ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1452 ዓ.ም. በቪንቺ መንደር ተወለደ፤ ሙያውንም በፍሎረንስ ከተማ ተማረ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆን የሚላኖ ገዥ ለነበረው ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ማመልከቻ ጻፈ። ይህ ማመልከቻ ለእኛ ለመሐንዲሶች ሊነበብ የሚገባው ነው። በቀላሉ ተሸክመው የሚወስዱት ድልድይ እንደሚሠራ፣ ከተከበበ ምሽግ ዙሪያ ውሃ እንደሚያደርቅ፣ መድፍና የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እንደሚያዘጋጅ በቁጥር እየለየ ይዘረዝራል። በሰላም ጊዜ ደግሞ ሕንፃ እንደሚያንጽ፣ ውሃንም ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚመራ ይገልጻል። ሐውልት መቅረጽና ሥዕል መሣል የተጠቀሱት በመጨረሻው ላይ ነው። ዛሬ እኛ የሥራ ልምዳችንን ስናዘጋጅ ደመወዝ ያስገኝልናል የምንለውን ከፊት እናስቀድም የለምን? ሊዮናርዶም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሉዶቪኮ በሚላኖ የሚገኘውን የሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራጽዬ ቤተ ክርስቲያንና የዶሚኒካን ገዳም እጅግ ይወድ ነበር። በገዳሙ የምግብ አዳራሽ ሰሜናዊ ግድግዳ ላይ የጌታን የመጨረሻ እራት እንዲሥል ሊዮናርዶን አዘዘው። ሥራው በ1495 ገደማ ተጀምሮ በ1498 ተፈጸመ። የሥዕሉ ስፋት 8.8 ሜትር፣ ቁመቱም 4.6 ሜትር ነው። የተሣለው ክርስቶስ ከመካከላቸው አንዱ አሳልፎ እንደሚሰጠው የተናገረበት ቅጽበት ሲሆን፣ ያ ቃል ውሃ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ ሐዋርያቱን ሦስት ሦስት አድርጎ በአራት ማዕበል ሲያናውጣቸው እናያለን። ከእርሱ በፊት ካስታኞም ሆነ ጊርላንዳዮ በፍሎረንስ ይህንኑ ታሪክ ሲሥሉ ይሁዳን ብቻውን ከገበታው ወዲህ ነጥለው አስቀምጠውት ነበር። ተመልካቹ ከሃዲውን ለማወቅ ማሰብ አያስፈልገውም ነበር። ሊዮናርዶ ግን ይሁዳን ከሌሎቹ መካከል አስገባው፤ ከረጢቱን ጨብጦ ወደ ኋላ ሲሸሽና ፊቱ በጥላ ሲጋረድ ብቻ ነው የምንለየው።

የአሠራሩ ብልሃትም አስደናቂ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ክፍል የአዳራሹ ቀጣይ ሆኖ ይታያል፤ በሥዕሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃንም ከግራ በኩል፣ ማለትም የአዳራሹ እውነተኛ መስኮቶች ካሉበት አቅጣጫ ይመጣል። የጣሪያውና የግድግዳዎቹ መስመሮች ሁሉ በክርስቶስ ቀኝ ሰሌን ላይ፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ ይገናኛሉ። በዚያ ነጥብ ላይ ምስማር የተመታበት ትንሽ ቀዳዳ ተገኝቷል። በዚያ ዓይነት ምስማር ላይ ክር አስሮ መስመር ማውጣት ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ በሥራ ቦታ ግንበኛው በየቀኑ የሚያደርገው ነው። ስለ ሊዮናርዶ ከተነገረው ምሥጢርና ተረት ሁሉ ይልቅ ይህች የምስማር ቀዳዳ ሰውየውን ወደ እኔ ታቀርበዋለች።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። በዚያ ዘመን የኢጣልያ ሠዓልያን በግድግዳ ላይ የሚሥሉበት የተረጋገጠ ዘዴ ፍሬስኮ ይባላል። ሠዓሊው በውሃ የበረደ ኖራን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ይለስናል፤ ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ በውሃ ብቻ የተበጠበጠ ቀለም ይቀባዋል። ኖራው በሚደርቅበት ጊዜ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ተመልሶ ወደ ኖራ ድንጋይነት ይለወጣል። የቀለሙም ቅንጣቶች በዚያ ድንጋይ ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። እንግዲህ ፍሬስኮ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቀለም አይደለም፤ ግድግዳው ራሱ ቀለም ሆኗል ማለት ይቻላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሠዓሊው በአንድ ቀን ሊጨርሰው የሚችለውን ያህል ብቻ ለስኖ፣ ሳይደርቅ መጨረስ አለበት። የዚያን ዕለት ክፍል ኢጣልያውያን «ጆርናታ» ይሉታል። የተሳሳተ እንደሆነ ልስኑን ፍቆ እንደገና ከመጀመር በቀር ማረሚያ የለውም። ኖራው የሚያበላሻቸው ቀለሞች ስላሉም በዚህ ዘዴ ሁሉንም ቀለም መጠቀም አይቻልም።

ሊዮናርዶ ደግሞ እንዲህ ባለ ሕግ የሚሠራ ሰው አልነበረም። ማቴዎ ባንዴሎ የተባለው ደራሲ በልጅነቱ በዚያ ገዳም ሳለ ሊዮናርዶ ሲሠራ አይቶ የታዘበውን ጽፎልናል። አንዳንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ መወጣጫው ላይ ወጥቶ መብልና መጠጥ ረስቶ እስኪመሽ ድረስ ይሥላል። ከዚያ በኋላ ሦስትና አራት ቀን ብሩሽ ሳያነሣ፣ እጁን አጣምሮ ሥዕሉን ሲመረምር ይውላል። አንዳንዴም በቀትር ፀሐይ ከተማውን አቋርጦ መጥቶ አንድ ሁለት ጊዜ ብሩሹን ካሳረፈ በኋላ ተመልሶ ይሄዳል። የሠዓልያንን ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ እንደሚተርከው፣ የገዳሙ አበ ምኔት በዚህ መዘግየት ተማርሮ ወደ መስፍኑ በከሰሰው ጊዜ ሊዮናርዶ የይሁዳን ፊት የሚመስል ሰው እንዳጣ፣ ካላገኘ ግን የአበ ምኔቱን ፊት እንደሚጠቀም መለሰ ይባላል። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ በአሠሪና በባለሙያ መካከል ስላለው ጠብ የሚነግረን ሁሉ እውነት ነው።

እንዲህ ያለ ሠዓሊ እርጥብ ኖራ አይጠብቀውም። ስለዚህ ሊዮናርዶ ሥዕሉን በደረቀ ልስን ላይ ለመሣል ወሰነ። ግድግዳውን ለቀለም ማረፊያ በሚሆን ስስ ልባጥ ሸፍኖ፣ በላዩም ከእርሳስ የተሠራ ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ከዚያም በእንቁላልና በዘይት የተለወሰ ቀለም ተጠቀመ። ይህ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሚሠራበት ዘዴ ነው። እንዲህ በማድረጉ እንደ ልቡ መተውና መመለስ፣ ጥላን በጥላ ላይ መደረብ፣ ትናንት የሣለውን የጴጥሮስን እጅ ዛሬ ከሣለው ከዮሐንስ ፊት ጋር ማስማማት ቻለ። ግድግዳ ግን እንጨት አይደለም። ግድግዳ ይተነፍሳል፤ እርጥበት ከውስጡ ይወጣል፣ ከአየርም ወደ ገጹ ይመጣል። ቀለሙ ከኖራው ጋር አንድ አካል ስላልሆነ እርጥበቱ በመካከላቸው እየገባ ይለያያቸው ጀመር። በ1517፣ ሠዓሊው ገና በሕይወት ሳለ፣ አንቶኒዮ ዴ ቤያቲስ የተባለ መንገደኛ ሥዕሉ መበላሸት መጀመሩን በማስታወሻው መዘገበ። ቫዛሪ በ1566 ሄዶ ባየው ጊዜ የተደበላለቀ የቀለም ጠብታ እንጂ ሌላ አልታየውም።

ሰሜናዊውን ግድግዳ ትተን ፊታችንን ወደ ደቡብ ብንመልስ፣ በዚያው አዳራሽ ውስጥ ሌላ ትልቅ ሥዕል እናገኛለን። ጆቫኒ ዶናቶ ዳ ሞንቶርፋኖ የተባለ የሚላኖ ሠዓሊ በ1495 የሣለው «ስቅለት» ነው። ሞንቶርፋኖ በስም የታወቀ ሰው አይደለም፤ የጎብኚዎች መጽሐፍም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። የሠራው ግን እንደ አባቶቹ ሥርዓት በእርጥብ ኖራ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ከተማ አየር፣ በአንድ ዘመን የተሣለው ይህ ሥዕል ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ ዛሬም መስቀሎቹን፣ ፈረሶቹንና የሕዝቡን ብዛት አጥርቶ ያሳያል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በሞንቶርፋኖ ሥዕል ግርጌ በግራና በቀኝ መስፍኑ ሉዶቪኮና ባለቤቱ ቤያትሪቼ ከልጆቻቸው ጋር ተንበርክከው እንዲታዩ ተጨምረዋል። ጭማሪው የሊዮናርዶ ወይም የእርሱ ረዳቶች ሥራ እንደሆነ ይታመናል፤ የተሣለውም በደረቅ ልስን ላይ ነው። የመስፍኑ ቤተሰብ ዛሬ ከጥላ የማይሻል ቅርጽ ብቻ ቀርቶለታል፤ በዙሪያቸው ያለው የሞንቶርፋኖ ቀለም ግን እንደ ቆመ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድን ዘዴ ከሌላው ለማወዳደር የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ሊያዘጋጅ አይችልም፤ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ልስን፣ ሁለት አሠራር፣ አምስት መቶ ዓመት።

በዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜ ሳለሁ ያሰብሁትን ባልናገር ለባልደረቦቼ እውነቱን የደበቅሁ ይመስለኛል። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት የአንድ ሕንፃ የምድር ቤት ግድግዳ ልስኑ በሚገባ ሳይደርቅ የዘይት ቀለም እንዲቀባ ፈርሜያለሁ። የምርቃቱ ቀን ተቈርጦ ነበር፤ አንድ በዕድሜ የገፋ ለሳኝ «ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ገና አልጠጣም» ብሎ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የቀለሙን ዓይነት የመረጥሁት ካነበብሁት መጽሐፍ ነውና አልሰማሁትም። በምርቃቱ ዕለት ግድግዳው እንደ መስተዋት አበራ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ አብጦ ተላጠ። ወጪውን የከፈለው ሌላ ነው፤ ኀፍረቱ ግን የእኔ ነበር። ስለዚህ ሊዮናርዶን ስከስስ የምከስሰው ከከፍታ ላይ ሆኜ አይደለም።

ይሁንና ክሱ ቀላል ክስ አይደለም። መነኮሳቱ የሰጡት ግድግዳቸውን ነው፤ የፈለጉትም ምግብ በበሉ ቁጥር የሚመለከቱትና ለተተኪዎቻቸው የሚያስረክቡት ሥዕል ነው። ሃያ ዓመት የሚጠይቅ ፈተና በሦስት ዓመት ሥራ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ፈተናው የተካሄደው በእነርሱ ግድግዳ ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሊዮናርዶ ከዚያ በኋላ ወደ ፍሎረንስ ተመልሶ በ1503 የከተማውን ምክር ቤት አዳራሽ በ«አንጊያሪ ጦርነት» ሥዕል እንዲያስጌጥ ሲታዘዝ፣ እንደገና በዘይት ቀለም በግድግዳ ላይ ሞከረ። በዚህ ጊዜ ሃያ ዓመትም አልተጠበቀም፤ ቫዛሪ እንደሚለው ቀለሙ ሥራው ሳያልቅ መውረድ ስለጀመረ ተወው። ይኸው ቫዛሪ በኋላ የዚያን አዳራሽ ግድግዳዎች በራሱ ሥዕሎች ሸፈናቸው።

ከዚህ ጋር የሚክኤላንጄሎን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። እርሱ በ1508 በቫቲካን የሲስቲና ጸሎት ቤትን ጣሪያ እንዲሥል በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ ዳግማዊ ሲታዘዝ ሙያዬ ቅርጻ ቅርጽ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ሥራው ገና እንደተጀመረም ልስኑ ሻጋታ አወጣ። ሚክኤላንጄሎ ይህንኑ ምክንያት አድርጎ ሥራውን ሊተው ሲል ጁልያኖ ዳ ሳንጋሎ የተባለው አናጢና አናጺ መጥቶ ግድግዳውን መረመረ፤ በልስኑ ውስጥ የገባው ውሃ እንደበዛ ገልጾም መድኃኒቱን አሳየው። ሚክኤላንጄሎ የተነገረውን ሰምቶ፣ ከ500 ካሬ ሜትር የሚበልጠውን ጣሪያ፣ በብዙዎች እንደሚታሰበው በጀርባው ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ፣ በ1512 ፈጸመው። ከ1980 ጀምሮ የአምስት ዘመን ጥቀርሻ ሲጠረግለት ከሥሩ የወጣው ቀለም ብዙ ሰው እስከማያምንበት ድረስ ብሩህ ነበር።

እንግዲህ ሊዮናርዶ በፍሬስኮ ቢሠራው ኖሮ ይሻል ነበር እንበልን? ለረጅም ጊዜ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ያን ያህል አልደፍርም። የካስታኞና የጊርላንዳዮ እራቶች በፍሬስኮ የተሣሉ ናቸውና ሐዋርያቱ እያንዳንዳቸው በየዕለት ልስናቸው ውስጥ ረግተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አይሰማውም። በሊዮናርዶ ገበታ ላይ ግን የአንዱ መደንገጥ ወደ ሌላው ትከሻ ይሻገራል፤ ይህን ለማድረግ ዐሥራ ሦስቱን ፊቶች በአንድነት እያዩ ለወራት መመላለስ ግድ ነው። እርጥብ ኖራ ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ ሥዕሉን ያበላሸው ውሳኔና ሥዕሉን ታላቅ ያደረገው ውሳኔ አንድ ሆነው ይታዩኛል። ሁለቱን ለመለየት ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ሆኖም ይህ ለፍሎረንሱ ግድግዳ ይቅርታ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የደረሰው መከራ የሠዓሊው ጥፋት አይደለም። በ1652 መነኮሳቱ ከአዳራሹ መውጫ ስለፈለጉ በግድግዳው መካከል በር ከፈቱ፤ የክርስቶስ እግሮች የጠፉት ያን ጊዜ ነው። ሥዕሉ ያን ጊዜ ምን ያህል ደብዝዞ እንደነበረ ይህ ብቻ ይመሰክራል። በ1726 ቤሎቲ የተባለ ሰው በዘይት ቀለም ጠገነው፤ በ1770 ማጻ የተባለ ሌላ ሰው የቤሎቲን ቀለም ፍቆ የራሱን ቀባበት፤ ሕዝብ ተቈጥቶ ሲያስቆመው ያልተነኩት ፊቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። በ1796 የፈረንሳይ ወታደሮች አዳራሹን የፈረስ ጋጣ አደረጉት። በ1821 ባሬጺ የሚባለው ባለሙያ ሥዕሉን ከግድግዳው ልጦ ለማንሣት ተነሣ፤ ፍሬስኮ መስሎት ነበርና ከመካከሉ ሰብሮ መልሶ በሙጫ ለጠፈው። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ ወደ ሥራ የገባ ሰው ምን እንደሚያደርስ ከዚህ የከፋ ምሳሌ አላውቅም።

በ1943፣ በኦገስት ወር፣ የተባበሩት መንግሥታት አውሮፕላኖች ሚላኖን ሲደበድቡ አዳራሹ ተመታ። ጣሪያውና ምሥራቃዊው ግድግዳ ፈረሱ። የሊዮናርዶ ግድግዳ አስቀድሞ በእንጨት ድጋፍና በአሸዋ ከረጢት ተሸፍኖ ስለነበር ቆሞ ተረፈ። በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ ለዚህ ሥዕል ከተደረጉለት ነገሮች ሁሉ የተዋጣለት ይህ የአሸዋ ከረጢት ይመስለኛል፤ የደረደሩት ሠራተኞች ግን በየትኛውም የሥነ ጥበብ መጽሐፍ አይወደሱም።

የመጨረሻው ጥገና በ1978 ተጀምሮ በ1999 ተፈጸመ። የመሩት ፒኒን ብራምቢላ ባርቺሎን የተባሉ ኢጣልያዊት ሲሆኑ፣ ሥዕሉን በማጉያ መሣሪያ እየተመለከቱ የቀደሙት ጠጋኞች የደራረቡትን ቀለምና ሙጫ ቅንጣት በቅንጣት አነሡ። ሊዮናርዶ ሦስት ዓመት ገደማ የፈጀበትን ሥራ እርሳቸው ለመጥረግ ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደባቸው። ጨርሶ የጠፋውን ቦታ በፈዛዛ የውሃ ቀለም ሸፈኑት፤ ተመልካች የሠዓሊው እጅ የትኛው፣ ጥገናው የትኛው እንደሆነ እንዲለይ ነው። የተረፈው የሊዮናርዶ ቀለም እጅግ ጥቂት ነው በማለት የነቀፏቸው ነበሩ። ነገር ግን በገበታው ላይ ካሉት ሳሕኖች አንዱ ዓሣና የብርቱካን ቁራጭ እንደያዘ ያወቅነው በእርሳቸው ሥራ ነው። በ2020 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው አርፈዋል።

ስለ ልጅነቴ ክርክር ደግሞ መልስ አግኝቻለሁ። የሊዮናርዶ ተከታይ የነበረው ጃምፔትሪኖ በ1520 ገደማ ሥዕሉን በሸራ ላይ በዘይት ቀለም ገልብጦት ነበር፤ ይህም ቅጂ የለንደኑ የንጉሣዊ ሥነ ጥበብ አካዳሚ ንብረት ነው። በሩ ሳይከፈት የተቀዳ በመሆኑ የክርስቶስ እግሮች በዚያ ላይ በደኅና ይታያሉ። በ1800 ሞርጌን የተባለው የመዳብ ቀራጭ ያተመው ሥዕልም በዓለም ተሰራጭቷል። በየቤታችን የተሰቀሉት ሙሉ እግር ያላቸው ሥዕሎች ዘራቸው የሚቈጠረው እንዲህ ካሉ ቅጂዎች ነው። የሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ሊዮናርዶ ይህን ዘዴ አስቦት ቢሆን ኖሮ እያልሁ በሆቴሌ ክፍል ብቻዬን ስቄአለሁ።

ወደ አዳራሹ ለመግባት በመስተዋት በሮች መካከል ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አቧራና እርጥበት እንዳይከተል አየሩ ይጣራል። ሰው የሚገባው በትንሽ በትንሽ ቡድን ነው፤ የሚፈቀደውም ጊዜ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው። እኔ በገባሁበት ቡድን ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ሰሜን ቆሞ ነበር። ዐሥረኛው ደቂቃ ላይ ዘወር ብዬ ወደ ሞንቶርፋኖ ግድግዳ ሄድሁ። አንድ ጥበቃ ብቻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከበላዩ መስቀሎቹ በደማቅ ቀለም ቆመዋል፣ በግርጌው የሉዶቪኮና የቤያትሪቼ ጥላ ተንበርክኳል። የመውጫው ጥሪ እስኪሰማ ድረስ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለውን ወሰን በዓይኔ እየተከተልሁ ቆየሁ።